የዓረብ ከያንያን ማኅበራትና የመንግሥት እጅ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዓረቡ ዓለም ከያንያን በሁለት መንገድ ተደራጅተዋል። አንደኛው ጥቂት ሰዎች መግለጫ ጽፈውና ስማቸውን ፈርመው የሚመሠርቱት ቡድን ነው። ሁለተኛው በሕግ የሚቋቋመውና ፈቃዱን ያልያዘ ሰው በሙያው እንዳይሠራ እስከ መከልከል ሊደርስ የሚችለው የሙያ ማኅበር ነው። አካባቢው በእስር ቤቶቹና በሳንሱሩ ቢታወቅም፣ ከያኒውን በዘላቂነት የገራው ከእነዚህ ይልቅ ሁለተኛው ዓይነት ማኅበር ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ዝነኛ ምሳሌ ካይሮ ላይ ይገኛል። ናዚዎች በ1937 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ ዘመናዊ ሥዕሎችን «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ለመሳለቂያ አቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ ገጣሚው ጆርጅ ሄነይንና ጓደኞቹ «የተበላሸ ጥበብ ለዘላለም ይኑር» የሚል መግለጫ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ አወጡ። «ጥበብና ነፃነት» የተባለው ቡድን የተወለደው ከዚህ ነው። ራምሲስ ዩናን፣ ፉአድ ካሚልና ካሚል ተልሚሳኒ የቡድኑ ዋና ሠዓልያን ነበሩ። አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ የሚቀናቸው የከተማ ምሁራን በመሆናቸው ድምፃቸው ሰፊው ሕዝብ ዘንድ አልደረሰም፤ ቡድኑም አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ተበተነ።

ግብፃዊው ሠዓሊ አብደል ሃዲ አል-ገዛር ደግሞ በ1946 በተመሠረተው «የዘመኑ ጥበብ ቡድን» ውስጥ ነበር። ባዶ ሳሕን ከፊታቸው አስቀምጠው የተደረደሩ ድሆችን በመሣሉ በ1949 ታሰረ። ያስፈቱት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ የተከበሩት አንጋፋ ሠዓልያን ማሕሙድ ሰዒድና መሐመድ ናጊ ናቸው። ያን ጊዜ የሚቆምለት የሙያ ማኅበር አላዳነውም፤ ያዳነው አማላጅ ነው።

ከ1952ቱ አብዮት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የናስር መንግሥት የባህል ሚኒስቴር አቋቋመ፤ ከያንያን ከሌላ ሥራ ተላቀው በፈጠራ ላይ ብቻ እንዲያተኩሩ የሚከፈል ድጎማም ጀመረ። በዚያው ዘመን ኮሚኒስቷ ሠዓሊ ኢንጂ ኤፍላቱን በ1959 ታስራ ከአራት ዓመት በላይ በወህኒ ቆየች፤ እዚያው ሆና እስረኞቹን ሣለች። አል-ገዛር ግን በ1964 የአስዋንን ግድብ የሚያወድስ ትልቅ ሥዕል ሠራ። ይህን በክህደት መፈረጅ ግፍ ይሆናል፤ ብዙዎች አብዮቱን ከልብ አምነውበት ነበር። ሆኖም ደጋፊና ገዢ አንድ አካል ሲሆን፣ እምነትን ከጥቅም ለይቶ ማየት ለከያኒው ራሱም ያስቸግራል።

የባግዳድ ታሪክ ይህንኑ በነሐስ ያሳያል። ጀዋድ ሰሊምና ሻኪር ሐሰን በ1951 «የባግዳድ ዘመናዊ ጥበብ ቡድን»ን መሠረቱ። ከ1958ቱ አብዮት በኋላ ሰሊም 50 ሜትር የሚረዝመውን የነፃነት ሐውልት እንዲሠራ ታዘዘ። በሐውልቱ 14 የነሐስ ቅርጾች ውስጥ እናት፣ እስረኛ፣ ወታደርና ገበሬ አሉ፤ የመሪው የዓብዱልከሪም ቃሲም መልክ ግን የለም። ሰሊም በጃንዋሪ 1961 ምረቃውን ሳያይ ሞተ። ረዳቱ የነበረው የዚያው ቡድን አባል መሐመድ ጋኒ ሒክመት ነበር። ይኸው ሒክመት ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ቀራጺው ኻሊድ አር-ረሓል ጀምሮት የሞተበትን የድል በር ፈጸመ። በ1989 የተመረቀው ይህ በር ከሳዳም ሑሴን ክንዶች በተቀዳ ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ጥንድ እጆች ሰይፍ የያዙበት ነው። በሁለቱ ሐውልቶች መካከል የሳዳም ባዓስ ፓርቲ ሥልጣን ይዟል፤ በ1971 የዓረብ ሠዓልያንና ቀራጽያን ኅብረት ተቋቁሟል፤ በ1974 የመጀመሪያው የዓረብ ቢየናሌ ባግዳድ ላይ ተካሂዷል። የነዳጅ ገንዘብ ጥበቡን አስፋፋው፤ አጎበጠውም።

ፍልስጤማውያን ይህን መደብ ያፈርሳሉ። የራሳቸው መንግሥት ስላልነበራቸው ማኅበሩ ራሱ የመንግሥትን ሥራ ተሸከመ። የፍልስጤም ከያንያን ኅብረት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ የነበረው ኢስማዒል ሸሙት በ1971 የተቋቋመውን የዓረብ ኅብረትም መርቷል። በተያዘው ምድር ያሉት በ1973 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የእስራኤል ጦር በ1980 ራማላ የሚገኘውን «ጋለሪ 79» ዘጋ። ሠዓሊው ሱለይማን መንሱር እንደሚተርከው፣ የጦር መኮንኑ የሰንደቅ ዓላማው ቀለማት በሥዕል ላይ መዋል እንደሌለባቸው ሲያስጠነቅቅ እነዚሁ ቀለማት ያሉበትን ሐብሐብን ሳይቀር ጠቅሷል። መንሱር፣ ናቢል ዓናኒ፣ ቬራ ተማሪና ተይሲር በረካት ከ1987ቱ ኢንቲፋዳ ጋር የእስራኤል ምርት የሆነውን የሥዕል ቀለም ትተው በጭቃ፣ በቆዳ፣ በሸክላና በእንጨት መሥራት ጀመሩ። ክልከላው አዲስ ጥበብ ወለደ፤ ድጎማ እንዲህ ያለውን አልወለደም።

ግብፅ ውስጥ የሕጉ ቋጠሮ የጠበቀው በ1978 ነው። የዚያ ዓመት 35ኛው ሕግ የተዋንያን፣ የሲኒማና የሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ አባል ያልሆነ ወይም ጊዜያዊ ፈቃድ ያልወሰደ ሰው በሙያው እንዳይሠራም ከለከለ። በ1987 ሕጉ ያለ ማኅበራቱ አባላት ምክር ሲሻሻል ከያንያን የረሃብ አድማ መቱ፤ የፊልም ዳይሬክተሩ ዩሱፍ ሻሂን «እስክንድርያ ደግሞና ለዘላለም» በተባለው ፊልሙ አድማውን አስገብቶታል። ጥያቄያቸው ማኅበሩ ይፍረስ የሚል አልነበረም፤ የእኛ ይሁን የሚል ነበር እንጂ።

ይህ አልሆነም። በማርች 2019 የተዋንያኑ ማኅበር ዓምር ዋኪድንና ኻሊድ አቡ አን-ናጋን ዋሺንግተን ላይ በግብፅ ስላለው የሰብዓዊ መብት ይዞታ ስለተናገሩ በክህደት ከስሶ አባረራቸው። በፌብሩዋሪ 2020 የሙዚቀኞቹ ማኅበር፣ በድምፃዊው ሃኒ ሻኪር መሪነት፣ ከድሆች ሰፈር የወጣውን የመህረጃናት ሙዚቃ ከመድረክ አገደ። ዘፈኖቹ በዩቲዩብ መሰማታቸውን ቀጠሉ። በሁለቱም ጊዜ ቅጣቱን የጣለው ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ ሳይሆን፣ አባላቱን ሊጠብቅ የተቋቋመው የሙያ ማኅበር ነው።