«አይሰራም» ከማለታችን በፊት

ከጥቂት ወራት በፊት የአክስቴ ኮምፒውተር ሞተ። አክስቴ የቀለምና የሕንጻ ዕቃ መደብር አላት። ዱቤ የወሰደው፣ ቀብድ የከፈለው፣ ቀሪ ያለበት ሰው ሁሉ የተመዘገበው ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ልጅ በሠራላት የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ ነው። ልጁ አሁን አገር ውስጥ የለም፤ ስልኩም አይሰራም። ደግነቱ ሃርድ ዲስኩ ተርፏል።

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ያለው እኮ የሰው ብር ነው» አለችኝ።

እኔ ያለኝ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ጓደኛዬ «ምን አደከመህ? ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ጫንበት!» አለኝ። ዊንዶውስ 11 ላፕቶፑን አይቀበለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ክራክ ላይ የሰው ሂሳብ ማስቀመጥ ደግሞ ቤትን ከፍቶ እንደማደር ነው። ስለዚህ ዋይንን ሞከርኩ።

ዋይን ስል የሚጠጣው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት አውጣልኝ» እያለ ሲጠይቅ፣ ዋይን መሀል ቆሞ ጥያቄውን ሊኑክስ ወይም ማክ በሚገባው ቋንቋ ያቀርብለታል። አስተርጓሚ በሉት። የመጀመሪያው 1.0 ስሪት የወጣው ግን በ2008 ነው። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ!

ለምን ይህን ያህል ፈጀ? የዊንዶውስን የውስጥ ኮድ ማየት ለሠሪዎቹ ክልክል ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከውጭ ይፈትኑታል። ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ጽፈው እውነተኛ ዊንዶውስ ላይ ያስኬዱና መልሱን ያያሉ፤ ከዚያ ዋይንም ያንኑ እንዲመልስ ያደርጋሉ። ዊንዶውስ የተሳሳተ መልስ ቢሰጥ እንኳ ስህተቱን አብረው ይገለብጣሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ስህተት ላይ ተማምኖ የተሠራ ፕሮግራም የሆነ ቦታ አለ።

«ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ስቲም ዴክ ላይ የዊንዶውስ ጌሞች የሚሄዱት ቫልቭ በ2018 ይፋ ባደረገው ፕሮቶን ነው፤ ፕሮቶን ደግሞ የተገነባው በዋይን ላይ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ የዊንዶውስ ጌም የሚያስከፍተው ዊንሌተርም ሆዱ ውስጥ ያለው ዋይን ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። መጀመሪያ ዲስኩን ኮፒ አድርጌ ዋናውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ጭራሽ ድምፁን አጠፋ። እኔም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፤ አጥፍቼ ጫንኩ፣ አጥፍቼ ጫንኩ፣ ሦስት ጊዜ። ምንም።

በመጨረሻ ከተርሚናል አስነስቼ የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ። «ፊክስሚ» የሚል መስመር እንደ ዝናብ ወረደ። ደነገጥኩ። ኋላ ሲገባኝ፣ ያ በአብዛኛው ሠሪዎቹ «ይህን ገና አልጨረስነውም» ብለው ለራሳቸው የተዉት ማስታወሻ ነው፤ የሚገድል ነገር አይደለም። ገዳዩ ከመሀል አንዲት መስመር ነበረች፦ «ኤምኤስቪቢቪኤም60 የሚባለው ላይብረሪ አልተገኘም»። ፕሮግራሙ የተጻፈው በቪዥዋል ቤዚክ 6 ነው፤ ያለዚያ ፋይል አይነሳም። ዊንትሪክስ በሚባለው መሣሪያ ጨመርኩለት። ቀጥሎ ዳታቤዙን የሚያነበው ጄት የሚባለው ክፍል ጎደለ። እሱንም ጨመርኩ። ተከፈተ!

ግን የደንበኞቹ ስም ሁሉ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ መጣ። አክስቴ «ጠፋ በቃ!» ብላ ተቀመጠች። አልጠፋም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ ፕሮግራሙ የሚጠቀመው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ፊደል የሚስለውን የድሮውን ዓይነት ፎንት ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። ከአሮጌው ዲስክ ፈልጌ ዋይን ፎንት የሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ስሞቹ ተመለሱ።

ዋይን ሁሉን ይችላል እያልኩ አይደለም። ጸረ ማጭበርበሪያቸው ጥብቅ የሆነ ጌሞች፣ በዩኤስቢ ቁልፍ የታሰሩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። እኛ ወጣቶች ስልክ ላይ አድገን «አይሰራም» ማለትን መልስ አድርገነዋል። አፑ ከተዘጋ አጥፍተን እንጭናለን፤ እምቢ ካለ እንተወዋለን። የቴሌግራም ግሩፖቻችን በ«አይሰራም ወንድሜ» የተሞሉ ናቸው። ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ምን እንደጎደለው ይናገራል። የማናነበው እኛ ነን።

ፕሮግራም ለምትሠሩ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፦ ጽሑፉን በዩኒኮድ አስቀምጡ፣ መረጃውን ወደ ተራ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ቁልፍም ይኑረው። እናንተ ነገ ስልክ ላታነሱ ትችላላችሁ። ደንበኛችሁ ግን መደብሩን ነገም ይከፍታል።

ያን ዕለት ማታ አክስቴ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበች በደብተር ገለበጠችው። «ኮምፒውተር አላምንም ከእንግዲህ» አለች። አልተከራከርኳትም።

እናንተ ግን ቀጣዩ ሰው «አይሰራም» ሲላችሁ «አጥፍተህ ጫነው» አትበሉት። «ምን ብሎ ነው እምቢ ያለህ?» በሉት።