የከሚሴ መዝገብ የት ያድራል?

ሰርቨር የገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ዘመንን» ይላል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። በምርቃቱ ላይ የማይጠየቀው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ማሽኑ ነገ ጠዋት ባይኖር አገልግሎቱ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሌላ ማሽን ላይ፣ በማን እጅ ይነሣል? ለዚህ መልስ የሌለው ቢሮ አልዘመነም። መዝገቡን ከወረቀት አውጥቶ አንድ ሰው ተሸክሞት ሊሄድ በሚችል ሣጥን ውስጥ ከተተው እንጂ።

በከሚሴ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጎረቤቷ አጣዬ ስትነድ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝብ ጭሱን አይቷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ አልፎ ከሚሴ ገባ። ጥቅምት 23 ቀን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ኅዳር 27 ቀን ደሴና ኮምቦልቻ ተመለሱ ሲባል ወሎ ያገኘው የተዘረፈ ሆስፒታል፣ የተዘረፈ ዩኒቨርሲቲና በሩ የተገነጠለ ቢሮ ነበር። ኮምፒውተር ለዘራፊ ቀላል ሸክም ነው። የተሸከመው ሰው ውስጡ የማን ርስት፣ የማን ደመወዝ፣ የማን ክስ እንዳለ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ የእርዳታ ኮምፒውተር መጣ፣ አዲስ ሰርቨር መጣ። ትምህርቱ ግን አብሮ መምጣቱ ያጠራጥራል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ከዘረፋው በኋላ የሚገዛው አዲስ ማሽን ከዘረፋው በፊት ከነበረው የሚለይበት ነገር መኖር አለበት። ልዩነቱ የማሽኑ ጉልበት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ አንድ ጠንካራ ሰርቨር ያለው ቢሮ በላዩ ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስነሣል፤ አንዱ ለመሬት፣ አንዱ ለፋይናንስ፣ አንዱ ለሰው ሀብት። እያንዳንዱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መረጃው ያለበት ዲስክ ነው። ሁለተኛው ቅንብሩ ነው፦ ስንት ፕሮሰሰር፣ ምን ያህል ሜሞሪ፣ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ኔትወርክ። ቅንብሩ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መስመሮች ያሉት የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ ያንሳል።

በቪኤምዌር ሥርዓት ይህ ፋይል በተለምዶ ከዲስኩ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጣል። ፎልደሩ በጋራ ማከማቻ ላይ ካለ አንዱ ሰርቨር ቢሞት ሌላው ፋይሉን አንብቦ ሥራውን በደቂቃዎች ይቀጥላል። በፕሮክስሞክስና በመሳሰሉት ነጻ ሥርዓቶች ግን ዲስኩ በጋራ ማከማቻ ላይ ቢቀመጥም ቅንብሩ የሚቀረው በራሱ በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ነው። ሰርቨሮቹ ሁለት ሦስት ሆነው ከተጣመሩ ቅጂውን ይጋራሉ፤ ብቻውን የቆመ ሰርቨር ግን ሲሞት ቅንብሩን ይዞ ይሞታል። ዲስኮቹ ሙሉ ሆነው ይተርፋሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚነሣ የተጻፈው ግን አብሮ ተቀብሯል።

«ባለሙያው በእጁ መልሶ ይሠራዋል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ባለሙያው ካለ። አንድ የወረዳ ቢሮ ስንት እንዲህ ያለ ባለሙያ አለው? በ2014 ዓ.ም. ኅዳር እንደሆነው ባለሙያው ራሱ ልጆቹን ይዞ ቢሰደድስ? በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ሥርዓት የመንግሥት ሥርዓት አይባልም።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ የባሰ ነው፤ የጋራ ማከማቻን መጠባበቂያ ነው ብሎ ማመን። ማከማቻው ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ካለ እሳቱም ሌባውም ሁለቱን በአንድ በር ያገኛቸዋል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል መጠባበቂያቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዴጆን የመንግሥት መረጃ ማዕከል በእሳት ሲያያዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሥርዓቶች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ፋይል የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት የሚሆን ማከማቻ ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ወደመ። የተሰጠው ምክንያት «መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ» የሚል ነበር። ኮሪያ በዲጂታል መንግሥት ከዓለም ፊታውራሪዎች አንዷ ናት። ባትሪ ያቃጠላትን አገር አይቶ ጥይት ያለፈባት ከተማ ልትማር አይገባም?

ታዲያ «ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ እንላከው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። መስመሩ ሲቆረጥ ርቀት ላይ ያለ መረጃ ለባቲ ወይም ለደዌ ሐረዋ ገበሬ እንደሌለ ነው። ከሚሴ ብቻ ያለ መረጃ ዘረፋን አይችልም፤ አዲስ አበባ ብቻ ያለ መረጃ መዘጋትን አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ይኑር፤ ከነቅንብሩ።

በዚህ ዞን ተጨማሪ ምክንያት አለ። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ሪፖርት በአማርኛ ተጠቃሎ ባሕር ዳር ሊደርስ ይችላል፤ ሪፖርት ግን መዝገብ አይደለም። በአርጡማ ፉርሲ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት መሬት ወሰኑ የት እንደሆነ ሪፖርት አይናገርም። መዝገቡ ሲጠፋ ወሰን የሚለየው በምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ዘመድ የበዛለትና ጉልበት ያለው አያጣም። መዝገብ የሚያስፈልገው ለደካማው ነው። መዝገቡን ያለ መጠባበቂያ የተወ ሹም ሳያውቀው ለጉልበተኛው ፈርዷል።

የገንዘብ ሰበብ እዚህ አይሠራም። ሙሉ ዲስክን ርቆ ማስቀመጥ ወጪ አለው፤ ቅንብሩን ማስቀመጥ ግን በአንድ ፍላሽ ይቻላል። «ምስጢር ይወጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ ቅጂው ተመስጥሮ ይቀመጥ፣ ቁልፉም በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይሁን። በዘራፊ እጅ ሳይመሰጠር የገባ ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ምስጢር አባክኗል።

ከዞኑ አስተዳደርና ከክልሉ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። የእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን ቅንብር ከዲስኩ ጋር በጋራ ማከማቻው ላይ ይቀመጥ፤ በተለወጠ ቁጥርም ይታደስ። የሁለቱም ቅጂ በየጊዜው ከከተማው ውጭ ይውጣ። የማስነሻው መመሪያ በኦሮምኛና በአማርኛ በወረቀት ይታተም፤ መብራት በሌለበት ቀን ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መመሪያ አይነበብም። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ዋናው ሰርቨር ሆን ተብሎ ይጥፋ፤ አገልግሎቱ በሌላ ማሽን ላይ መነሣቱ በሰዓት ተይዞ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። ተሞክሮ ያልተነሣ መጠባበቂያ ተስፋ ብቻ ነው።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። የሚቀጥለው ሰርቨር ሲመረቅ ጋዜጠኛው ዋጋውን ሳይሆን ይህን ይጠይቅ፦ አሁን ሶኬቱን ብንነቅለው ምን ይሆናል? ኃላፊው ከደነገጠ መልሱ ታውቋል።