ስለ ቤት አያያዝ፦ የልብስ ማጠቢያ መኪና በቁም ሣጥን ውስጥ



ሰፊ ቤት የባለቤቱን ስሕተት ይሸሽጋል፤ ጠባብ ቤት ግን አይሸሽግም። በሰፊ ቤት ያለ ቦታው የተቀመጠ ዕቃ ፈቀቅ ቢደረግ ነገሩ ያበቃል። በጠባብ ቤት ግን ያለ ልኩ የገባ ዕቃ መተላለፊያን ይዘጋል፥ እንቅልፍን ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም በሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል። በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዚህ የሚወጣ ነው።

በአሜሪካ አገር በጎማ ላይ የሚሄዱ፥ ወጥ ቤቱንና መኝታውን መታጠቢያውንም በአንድነት የያዙ ቤቶች አሉ። የአገሩ ሰዎች «አር ቪ» ይሏቸዋል፤ እኛ ተንቀሳቃሽ ቤት እንበላቸው። አንዳንዶቹ በራሳቸው ሞተር ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም በሌላ መኪና ይጐተታሉ። ለሽርሽር ብቻ የሚይዟቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጡረታ የወጡ፥ ሥራቸውም ከከተማ ወደ ከተማ የሚያዛውራቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባቸው አሉ። ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ልብስ ማጠብ አይቀርለትም። በየከተማው ሳንቲም እየከፈሉ በሚታጠብበት ቤት ተራ መጠበቅ ቀኑን ይበላል፤ ሕፃን ለያዘች እናትማ ድካሙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የልብስ ቁም ሣጥናቸውን ባዶ አድርገው ማጠቢያና ማድረቂያ መኪና ሊያገቡበት ያስባሉ። በባሕር ማዶ ከሚኖሩት አንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ያለ አሳብ ያለው ቢኖር፥ ወይም በጠባብ አፓርትማ ውስጥ ይህንኑ ሊያደርግ የሚያስብ ቢኖር፥ ይህ ምክር ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው ያስተማረውን ምሳሌ ሁላችን ሰምተናል። ሒሳቡ ከመጀመሪያው ድንጋይ ይቀድማል። በዚህ ጉዳይ ግን አብዛኛው ሰው «ይገባል ወይስ አይገባም?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና ሜትሩን አጥፎ ወደ ገበያ ይሄዳል። ቁም ሣጥን የተሠራው ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ነገር ነው። ልብስ አይንቀጠቀጥም፥ አይሞቅም፥ ውሃ አይጠጣም፥ አየርም አይሻም። የማጠቢያ መኪና ግን እነዚህን ሁሉ ያደርጋል። እንግዲህ አስቀድሞ ሊቈጠሩ የሚገባቸው ነገሮች አምስት ናቸው፤ እነርሱም ስፋት፥ ክብደት፥ ውሃ፥ ኤሌክትሪክና አየር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ስፋት እንናገር። ለጠባብ ቤት የሚሠሩት መኪናዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት በአንዱ በርሜል አጥቦ በዚያው የሚያደርቅ አንድ መኪና ነው። ሁለተኛው ዓይነት ማጠቢያው ከታች፥ ማድረቂያው ከላይ የሚደራረብ ሁለት መኪና ነው። የሁለቱም የተለመደ የጎን ስፋት 24 ኢንች፥ ማለት 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአንዱ ቁመት ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ሲደራረቡ ወደ 170 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሲደራረቡም ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ በሠራው ማያያዣ መታሰር አለባቸው። ነገር ግን የመኪናውን ልክ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ከበስተኋላው ቧንቧዎቹ ሳይታጠፉ የሚያልፉበት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፥ በጎኖቹም ሲንቀጠቀጥ ግድግዳውን የማይመታበት ክፍተት መተው ያስፈልጋል። የፊቱ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት ቦታ መኖሩም ይታይ። ከሁሉ በፊት ግን የቤቱ መግቢያ በርና መተላለፊያው ይለኩ፤ ቁም ሣጥኑ ሰፊ ሆኖ በሩ ጠባብ የሆነበት ቤት ብዙ ነውና።

ሁለተኛው ክብደት ነው። አጥቦ የሚያደርቀው አንዱ መኪና ወደ 70 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የተደራረቡት ሁለቱ ከ100 ኪሎ ግራም ያልፋሉ። በመሬት ላይ በተሠራ ቤት ይህ ቀላል ነገር ነው፤ በጎማ ላይ ባለ ቤት ግን እያንዳንዱ ኪሎ ይቈጠራል። በየተንቀሳቃሹ ቤት ውስጥ ቤቱ ሊሸከም የሚችለውን ጭነት የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፏል፤ እርሱን ሳያነቡ ምንም ዕቃ መጨመር አይገባም። የሚጐተት ቤት ከሆነ ደግሞ የቁም ሣጥኑ ስፍራ ራሱ መታየት አለበት። ከቤቱ ጠቅላላ ክብደት ከ100 እጅ ከ10 እስከ 15 ያህሉ በፊት በኩል፥ በመጐተቻው ላይ ማረፍ ይገባዋል። ከባድ መኪና በቤቱ ጫፍ፥ ከጎማዎቹ በስተኋላ ሲገባ የፊቱ ጫና ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በፈጣን መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። ይህ ለሚጐትተውም ለሚከተለውም መኪና አደገኛ ነው።

ወለሉም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. የቤንዲክስ ኩባንያ በቤት ውስጥ በራሱ የሚያጥብና የሚጨምቅ መኪና ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፥ መንቀጥቀጡ ብርቱ ስለ ነበረ መኪናው ከወለሉ ጋር በብሎን መታሰር ነበረበት። የዛሬዎቹ በርሜላቸው በምንጭ ብረትና በድንጋጤ መቀበያ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ እጅግ ይሻላሉ፤ ቢሆንም ሲጨምቁ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከሩ አሉ። የተንቀሳቃሽ ቤት ወለል ቀጭን ስለሆነ ከመኪናው በታች ወፍራም ጣውላ አንጥፎ ማጠንከር መልካም ነው። መኪናው ከሱቅ ሲመጣ በርሜሉን ለጉዞ ያሰሩት ብሎኖች ይኖሩበታል። ሳይፈቱ ቢያሠሩት ቤቱን ያናውጣል፥ ራሱንም ያበላሻል። በጉዞ ጊዜ ይመለሱ አይመለሱ የሚወስነው የየፋብሪካው መመሪያ ነውና ብሎኖቹን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይገባል። ከማሠራትም በፊት ቤቱ በደልዳላ ስፍራ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይረጋገጥ፤ በመንገድ ላይ እየተጓዙ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ትንሹ መኪና ለአንድ እጥበት ከ40 እስከ 60 ሊትር ያህል ይወስዳል። ቤቱ ከውሃ መስመርና ከፍሳሽ ጋር በተያያዘበት ሰፈር ይህ አያሳስብም። በማጠራቀሚያው ብቻ የሚኖር ሰው ግን ያስላ፤ የእጣቢው ማጠራቀሚያ 150 ሊትር ቢይዝ፥ ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ሞልቶ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ሊገነፍል ይችላል። የእጣቢ ቧንቧው እንደ ማንኛውም ፍሳሽ ጠረን የሚከለክል የውሃ ማቆሪያ ጉብጠት ያስፈልገዋል። የውሃ ማስገቢያው ቧንቧ በሽቦ የተሸመነ ይሁን፤ ጉዞ ከመጀመሩ በፊትም የውሃው መክፈቻ ይዘጋ። በብርድ አገር ደግሞ በመኪናው ፓምፕ ውስጥ የቀረ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ፓምፑን ይሰነጥቃል፤ ቤቱ ክረምቱን ያለ ማሞቂያ የሚቆም ከሆነ ውሃውን ማስወጣትና ለተንቀሳቃሽ ቤት የተዘጋጀውን ውሃ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ማሳለፍ ግዴታ ነው።

አራተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ቤቶች 30 አምፔር በ120 ቮልት ይቀበላሉ፤ ይህም በጠቅላላው 3,600 ዋት ነው። የጣራው ማቀዝቀዣ ወደ 1,500 ዋት፥ ማድረቂያው ወደ 1,500 ዋት፥ በዚህ ላይ እመቤቲቱ እንጀራ ልትጋግር የኤሌክትሪክ ምጣዷን ብትለኵስ ሌላ 1,500 ዋት ይጨመራል። ድምሩ 4,500 ስለሚሆን መብራቱ ይቈረጣል። እንዲህ ባለ ቤት የምጣዱንና የማድረቂያውን ሰዓት መለየት ነው እንጂ ሌላ መላ የለም። 50 አምፔር የሚቀበሉት ትልልቆቹ ቤቶች በሁለት መስመር እስከ 12,000 ዋት ስለሚያገኙ ይህ ችግር ይቀልላቸዋል። በሁለቱም ግን ለመኪናው ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልገዋል፤ በተራ ማራዘሚያ ገመድ ማሠራት እሳት መጥራት ነው። መስመሩንም የሚዘረጋው ሥራውን የሚያውቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁን።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው አየር ነው። ማድረቂያ መኪና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሞቃቱንና እርጥቡን አየር በ4 ኢንች ቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ነው። ይህ ቶሎ ያደርቃል፤ ነገር ግን የቤቱ ግድግዳ መበሳት አለበት። ቧንቧው በተቻለ መጠን አጭር፥ ቀጥ ያለና የብረት ይሁን፤ የፕላስቲክ ቧንቧ አይገባም። ጫፉም ከቤቱ ወለል በታች ወይም በግድግዳው መካከል ሳይሆን ፈጽሞ ወደ ውጭ ይውጣ። ማድረቂያው የሚያስወጣውን ያህል አየር ከቤቱ ውስጥ ስለሚስብ፥ በሚሠራበት ጊዜ አንድ መስኮት ጥቂት ይከፈትለት። ሁለተኛው ዓይነት ወደ ውጭ ሳያስወጣ እርጥበቱን በውስጡ አቀዝቅዞ ወደ ውሃ የሚለውጥ ነው። ግድግዳ አይበሳም፤ ግን ቀስ ብሎ ያደርቃል፤ አንዳንዱም ለማቀዝቀዣው ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። የትኛውም ቢመረጥ የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ከላይና ከታች አየር የሚያሳልፍ መስኮት ይኑረው።

አየርን ከሁሉ አስቀድሙ የምንልበት ምክንያት አለን። ከልብስ የሚወጣው ብናኝ ደርቆ በሙቀት ሥፍራ ሲከማች እንደ ጭራሮ ይቀጣጠላል። የአሜሪካ መንግሥት የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ መርምሮ ባወጣው ዘገባ፥ በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ ይነሣ እንደ ነበረ፥ በዚህም ምክንያት በየዓመቱ 5 ያህል ሰዎች እንደሞቱ፥ 100 ያህል እንደቈሰሉ፥ 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ንብረትም እንደጠፋ ገምቷል። ዋናው ምክንያት ከ100 እጅ በ34ቱ መኪናውን አለማጽዳት ነው። ይህ የተቈጠረው በመኖሪያ ቤቶች ሁሉ ነው። እንግዲህ መውጫው በር አንድ በሆነበት፥ የሕፃናቱ መኝታ ከቁም ሣጥኑ ጥቂት እርምጃ በሚርቅበት ቤት ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባ እያንዳንዱ አባወራ ያስበው። ሕጉ አጭር ነው፤ ማጣሪያ ያለው መኪና ከሆነ ልብስ በደረቀ ቍጥር ማጣሪያው ይጠረግ፤ ቧንቧው በየጊዜው ተፈትቶ ይጸዳ፤ ሰው ተኝቶ ወይም ከቤት ወጥቶ ማድረቂያው አይሥራ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ደወልም ይፈተሽ።

በእኛ ቤት ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ እርሱም የአገር ልብስ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ በትንሽ በርሜል ውስጥ ወደ አንድ ወገን ተከምሮ መኪናውን ያናውጠዋል። ስለዚህ ጋቢ ትልቅ መኪና ባለበት ቤት ቢታጠብ ይሻላል። ነጠላ ግን ለብቻው፥ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳው አጥበት ሊታጠብ ይችላል፤ የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይፈተን። ወደ ማድረቂያው ግን አይግባ፤ ሙቀቱ ጥጡን ያኮማትረዋል፥ ዘርፉንም ያወሳስበዋል፤ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የሚወጣው ብናኝም ብዙ ነው። ነጠላን በጥላ ሰቅሎ በነፋስ ማድረቅ ከሁሉ ይሻላል።

በመጨረሻ ፍርዱን በአጭሩ እንስጥ። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ለሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብ ቁም ሣጥኑን ለልብሱ ይተወው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖር፥ ኤሌክትሪኩ ግን 30 አምፔር የሆነ ቤተሰብ ማጠቢያውን ብቻ አግብቶ ልብሱን ውጭ ቢያሰጣ፥ ወይም አጥቦ የሚያደርቀውን አንዱን መኪና በልክ ቢጠቀም ይበቃዋል። ሁለቱን መደራረብ የሚገባው ቤቱ ክብደቱንም ኤሌክትሪኩንም የሚችል፥ ቤተሰቡም ብዙ የሆነ ሰው ነው። አንዱ መኪና የሚያደርቀው ከሚያጥበው ግማሽ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፥ አጥቦ እስኪያደርቅም ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፥ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠብ ይሻላል።

እንዲህ ከሆነ ለእሑድ ቅዳሴ የሚለበሰው ነጠላ ዓርብ ታጥቦ ይሰቀላል፤ ሰንበት ስትገባም መኪናው ጸጥ ይላል፥ እናትም ታርፋለች። የቤት ዕቃ መልካም መሆኑ የሚታወቀው ለቤተሰቡ ዕረፍትን ሲሰጥ ነው። እግዚአብሔር አምላክ በመንገድ ያላችሁትን ሁሉ ከአደጋ ይጠብቃችሁ፤ ቤታችሁንም ይባርክ። አሜን።