ዘፈኑ ሲጀምር ትርጉሙ ለምን ይጠፋል?

አንድ ሰው ነገር ሲያጋንን ወይም እንባው ሲበዛ “እንደ ህንድ ፊልም አታድርገው” እንለዋለን። እኔም ብያለሁ። ዛሬ የምሟገተው ግን ከዚህ ቀልድ ጋር ነው፤ ምክንያቱም የምንቀልደው ግማሹን ብቻ በሰማነው ፊልም ላይ ነው።

ግማሹን ስል አላጋነንኩም። ከቪዲዮ ቤቱ ዘመን እስከ ዛሬው ኢንተርኔት ድረስ የገጠሙኝ ብዙዎቹ የድሮ ፊልም ቅጂዎች አንድ ጠባይ አላቸው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ሰብታይትል አለ፤ ዘፈኑ ሲጀምር ሰብታይትሉ ይጠፋል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ “ነይ እንሂድ” የምትለዋ ተተርጉማ ትመለሳለች። የተርጓሚው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ዘፈን ማለት ዕረፍት፣ ሻይ የሚፈላበት ሰዓት።

እስቲ ዕረፍት የተባለውን ማን እንደጻፈው እንይ። “የህንድ ፊልም” ብለን በአንድ ከረጢት የከተትናቸው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ታላላቅ ሥራዎች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዘፈን ግጥማቸው በአብዛኛው የኡርዱ ግጥም ነው። የጻፉትም ሳሂር ሉዲያንቪ፣ ሻኪል ባዳዩኒ፣ ማጅሩህ ሱልጣንፑሪ፣ ካይፊ አዝሚ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከፊልሙ በፊት ገጣሚ ነበሩ፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ግጥም በሚሰማበት በሙሻይራ መድረክ ላይ የተፈተኑ። የኡርዱ ጋዛል ውስጥ “ተወዳጇ” ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ፈጣሪም፣ ንጉሥም፣ ያልመጣ አብዮትም። ከእኛ ሰምና ወርቅ ጋር አንድ ነው አልልም፤ ቅኔ የሰማ ጆሮ ግን ነገሩ አይጠፋውም። ታዲያ በቅኔ አገር ያደግን ሰዎች ግጥሙን ዘልለን ወሬውን ብቻ ስንተረጉም አያሳፍርም?

የጉሩ ዳትን “ፕያሳ” (1957) ውሰዱ። ሰካራሙ ገጣሚ በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ውስጥ እያለፈ ይዘፍናል። ከዚያ በፊት አንዲት ሴት ሕፃኗ እያለቀሰ እንድትጨፍር ስትገደድ አይቷል። የሚዘፍነው ስለ ፍቅር አይደለም፤ በአገራቸው የሚመኩትን ሰዎች መጥታችሁ ይሄን እዩ እያለ ይጠራቸዋል። ነፃነት ከመጣ ገና 10 ዓመቱ! ሳሂር ግጥሙን ቀድሞ ነበር የጻፈው፤ ተመላላሹ ስንኝ ግን ከባድ የፋርስ ቃላት ስለነበሩበት ለፊልሙ አቀለለው፤ ተራው ሰው በሲኒማ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲገባው። ገጣሚው ለጋሪ ነጂ ሲል ስንኙን ቀየረ፣ የእኛ ተርጓሚ ደግሞ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

“ዘፈኑ ታሪኩን ያቋርጣል” የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፤ የተማሩ፣ የአውሮፓ ፊልም የሚያዩ። “ሙጋል-ኤ-አዛም” (1960) ላይ የቤተ መንግሥቷ ጨፋሪ አናርካሊ በንጉሠ ነገሥት አክባር ፊት ቆማ ልጁን እንደምትወድ፣ መውደድም ፍርሃት እንደማያሻው የምትናገረው በዘፈን ነው። የሻኪል ግጥም፣ የናውሻድ ዜማ፣ የላታ ማንጌሽካር ድምፅ። ፊልሙ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሲሆን ያ ትዕይንት ግን በቀለም ነው፤ ምስሏም በጣሪያው መስተዋቶች ተባዝቶ ንጉሡ ቀና ባለበት ሁሉ እሷን ያያል። ከዚያ ወህኒ ትወርዳለች። ዘፈኑን አውጡትና ለምን እንደታሰረች ንገሩኝ!

እሺ፣ አንድ ክስ እቀበላለሁ። “ፓኪዛ” እና “ኡምራኦ ጃን” የጨፋሪዎቹን ቤት በጣም አሳምረውታል፤ ሐሩ፣ ሻማው፣ የእግር ቃጭሉ። ሥቃዩ ሽቶ ሽቶ ይላል። “ፕያሳ”ን የምወደው በዚያ ሰፈር ምንም ስላላሳመረ ይመስለኛል።

ደግሞ ኡርዱ ፊልም ማለት ቦምቤይ ብቻ አይደለም፤ ይሄን ስንት ሰው ያውቃል? ከ1965ቱ ጦርነት ወዲህ ፓኪስታን የህንድ ፊልም ማሳየት ስታቆም የላሆርና የካራቺ ስቱዲዮዎች የራሳቸውን ዘመን ሠሩ። በ1966 የወጣው የዋሂድ ሙራድ “አርማን” ውስጥ አንድ ዘፈን አንዴ በአህመድ ሩሽዲ፣ አንዴ በማላ ድምፅ ይመለሳል። ቃሉ ላልተተረጎመለት ሰው ድግግሞሽ ነው፤ ለሚሰማው ግን ልመናው ባለቤት ለውጧል። የዚያ ሲኒማ ንግሥት ሻብናም ማን ነበረች? ከዳካ የመጣች ቤንጋሊ፣ ሂንዱ። ባሏ ሮቢን ጎሽም ቤንጋሊ ነው። በ1971 ባንግላዴሽ ከተገነጠለች በኋላም ሁለቱ በኡርዱ ፊልም ቀጠሉ፤ በ1977 ካራቺ ውስጥ ለዓመታት የታየውን “አይና”ን እሷ ተወነች፣ እሱ ዜማውን ሠራ። ኡርዱን “የሙስሊም ቋንቋ” ብለው ለሚዘጉት፣ በወዲያም በወዲህም ላሉት፣ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

የህንድ የመጀመሪያው ድምፃዊ ፊልም “አላም አራ” (1931) ሰባት ዘፈን ነበረው። ዛሬ አንድም ቅጂው አይገኝም፣ ስለዚህ ማንም ተርጓሚ አይወቀስበትም። “ፕያሳ” ግን አለ፤ ባለፈው ሳምንት እንደገና ከፈትኩት። ገጣሚው ወደዚያ ሰፈር ገባ፣ አፉን ከፈተ፣ ከታች ያለው መስመር ባዶ ሆነ።