ላላየነው አንከፍልም

ዲዝኒ ስሊንግ ቲቪ የተባለውን የስትሪሚንግ አገልግሎት የከሰሰበት ምክንያት አሁንም ያንገበግበኛል። ስሊንግ የሰረቀው ፊልም ወይም ያጭበረበረው ደንበኛ የለም። በአውሮፓውያኑ 2025 ኦገስት ለተመልካቹ አንድ አዲስ ምርጫ አቀረበ፤ ለአንድ ቀን 4.99 ዶላር፣ ለሳምንቱ መጨረሻ 9.99፣ ለሙሉ ሳምንት 14.99። ትከፍላላችሁ፣ ኢኤስፒኤንንም ሲኤንኤንንም ታያላችሁ፣ ቀኑ ሲያልቅ ሒሳቡም አብሮ ያልቃል። በቀጣዩ ወር ካርዳችሁን የሚነካ የለም። የስፖርት ጣቢያው የኢኤስፒኤን አብላጫ ባለቤት የሆነው ዲዝኒ ወሩ ሳይወጣ ኒውዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ያለ ዕውቅናዬና ያለ ፈቃዴ የተደረገ ነው፣ ይከልከልልኝ አለ።

የውሉን አንቀጽ ዳኞች ይመርምሩት። እኔን ያናደደኝ ከክሱ ጀርባ ያለው እምነት ነው። እምነቱ የዲዝኒ ብቻ ሳይሆን የስትሪሚንጉ ዓለም በጅምላ የተስማማበት ነው፤ ተመልካች በየወሩ ይክፈል፣ ከዚያ ያነሰ ጊዜ የሚጠይቅ ገበያ ያበላሻል ይላሉ። አንድ ጨዋታ ማየት የፈለገ ሰው ሠላሳ ቀን ይግዛ! ክሱ ከመመሥረቱ ጥቂት ቀናት በፊት ዲዝኒ ራሱ አዲሱን የኢኤስፒኤን አገልግሎት በወር 29.99 ዶላር ለገበያ ማቅረቡንም እንደ አጋጣሚ አልቆጥረውም።

እስቲ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የሚሸጡት ነገር እነሱ እንደሚሉት ግሩም ከሆነ፣ ለአንድ ቀን የመጣው ሰው ነገም መምጣቱ አይቀርም። በአምስት አምስት ዶላር አሥር ቀን ቢመላለስ የሚከፍለው ከስሊንግም ከኢኤስፒኤንም የወር ዋጋ ይበልጣል። ታዲያ ይህን ሰው ለምን ፈሩት? የሚያስፈራቸው ላየው ብቻ መክፈሉ ነው። ከወር ክፍያ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ቀላል የማይባለው የሚመጣው ማንም ቴሌቪዥኑን ካልከፈተባቸው ቀናት፣ ባለቤቱ ረስቶ ሳያጠፋው ከቀረ ሒሳብ ነው። የአንድ ቀን ክፍያ ይህን ምንጭ ያደርቀዋል።

ጥርጣሬው የእኔ ብቻ አይደለም። ሊራን ኤይናቭ፣ ቤንጃሚን ክሎፓክና ኒል ማሆኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት የባንክ ካርድ ክፍያዎችን ተከታትለዋል። ካርዱ ጠፍቶ ወይም ጊዜው አልፎበት ሲቀየር ደንበኛው ቁጥሩን እንደገና ማስገባት አለበት። ብዙ ሰው አገልግሎቱን የሚተወው ልክ ያን ጊዜ ሆኖ አገኙት። ሰዎች ልብ ባለማለታቸው ምክንያት የሻጮቹ ገቢ፣ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት፣ ከ14 በመቶ ጀምሮ ከ200 በመቶ በላይ እስኪደርስ ከፍ እንደሚልም ገምተዋል። ካርዱ እስኪቀየር ድረስ በየወሩ የተቆረጠው ገንዘብ የየትኛው ፊልም፣ የየትኛው ጨዋታ ዋጋ ነው?

ልውጣ ያለ ሰው የሚገጥመው ደግሞ ሌላ ነው። ደንበኛ ከፕራይም አባልነት የሚወጣበትን ሂደት አማዞን በውስጥ መጠሪያው «ኢሊያድ» ይለው እንደነበር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ባቀረበው ክስ አጋልጧል። ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት የሚተርከው የሆሜር ግጥም ስም ነው። ለመግባት አንድ ጠቅታ የሚበቃበት ቤት፣ መውጫው ላይ እንዲህ ያለ ስም ተለጥፎበት ነበር። ኩባንያው ጉዳዩን ለመቋጨት በ2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይኸው ኮሚሽን መግባቱ ቀላል የሆነውን ያህል መውጣቱም ቀላል ይሁን የሚል ደንብ በ2024 አጽድቆ ነበር። ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሻረው። ሕጉ ካልጠበቀው ተመልካቹ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ በራሱ ጊዜ የሚያልቅ ክፍያ አንዱ መንገድ ነው።

የእኛ ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚያድረው ሐበሻ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው በዕረፍት ቀኑ ነው። ኳስ ወዳድ ከሆነ ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ ፒኮክ ላይ፣ ሻምፒዮንስ ሊጉ ፓራማውንት ፕላስ ላይ፣ ላሊጋው ኢኤስፒኤን ላይ ነው። ሁሉም የወር ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ፒኮክ ብቻውን በ2025 ክረምት 3 ዶላር ጨምሮ 10.99 ገብቷል። ማክሰኞ ከሰዓት መሪ ጨብጦ የዋለ ሰው ለማክሰኞው ጨዋታ ምን ዕዳ አለበት?

አዲስ አበባ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ጉዳዩን ከዲዝኒ በተሻለ ፈትቶታል። የዕለቱ ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በር ላይ በጠመኔ ይጻፋሉ። የመረጠ የአንዱን ጨዋታ ሒሳብ ከፍሎ ይገባል፣ ዘጠና ደቂቃው ሲያልቅ ይወጣል። ቡድኑ ቢሸነፍ ተናዶ ይሄዳል እንጂ በሚቀጥለው ወር ቤቱ ድረስ የሚከተለው ሒሳብ የለም። ቤቱ በሳምንቱ እንደገና ይሞላል፤ ሰው የተመለሰው ጨዋታውን ፈልጎ ነው።

የስፖርት መብት ውድ ነው፣ ቋሚ ገቢ ያስፈልገናል የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። ኤንቢኤ ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር የተፈራረመው የ11 ዓመት ውል 76 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህን ያህል እንክፈል ብለው የወሰኑት እነሱ ናቸው፤ ቅርጫት ኳስ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ለውሉ ዋስ አልሆነም። የአንዱ ቀን ዋጋ የወሩ ክፍያ ለሠላሳ ተካፍሎ ከሚደርሰው ቢበልጥም አልቃወምም። አምስት ዶላር ለአንድ ቀን ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ዋጋውን አይቼ፣ አውቄና ፈቅጄ ከፍዬ የምወጣበት በር ይኑረኝ። ያን በር ለመዝጋት ፍርድ ቤት መሄድ ዐይን ያወጣ ስግብግብነት ነው።

እናንተም ዛሬውኑ የባንክ ስቴትመንታችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የማታዩትን አጥፉ። የቀን ወይም የሳምንት ክፍያ ካለ እሱን ግዙ። ወሩን መግዛት ግድ ከሆነባችሁ በገዛችሁበት ቀን እድሳቱን ካንስል አድርጉት፤ በአብዛኞቹ አገልግሎቶች የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ ማየት ትችላላችሁ።