በሩቁ የሚታይ መብራት

በጠራ ሌሊት ከደብረ ታቦር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና አቅጣጫ የሚመለከት ሰው፣ በሩቁ የሚያያት አንዲት የብርሃን ነጥብ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቀው ሊናገር ይችላልን? አብዛኞቻችን «ያቻትና፣ ቅርብ ናት» እንላለን። በየብስ ላይ እንዲህ ብሎ የተሳሳተ መንገዱ ይረዝምበታል፤ በውኃ ላይ የተሳሳተ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር አምዳችን መብራት ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይ እንመለከታለን።

መብራትን ከዓይናችን የሚሰውሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የመሬት ክብነት ነው። ውኃ ለዓይን ዝርግ ቢመስልም እንደ መሬት ሁሉ ይጎብጣል። መርከበኞች ይህን የሚያሰሉበት ቀላል ዘዴ አላቸው፦ የመብራቱን ከፍታ በሜትር ወስደው ስኩዌር ሩቱን በ3.85 ያባዛሉ፤ የተመልካቹንም ዓይን ከፍታ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሁለቱን ሲደምሩ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኛሉ።

በጣና እንሞክረው። በዳርቻው 9 ሜትር ከፍታ ላይ መብራት ተሰቅሏል እንበል። የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው፤ በ3.85 ሲባዛ 11.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ታንኳ ላይ የተቀመጠው ሰው ዓይን ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ቢል 3.85 ይጨመራል። ድምሩ 15.4 ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ የጎርጎራ ታንከኛ የባሕር ዳርን መብራት ከዚያው ሆኖ ሊያይ አይችልም። ከሐይቁ በ900 ሜትር ያህል ከፍ ላለችው ደብረ ታቦር ግን ሒሳቡ 115 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። እርግጥ በመሐል ያሉት ኮረብቶች ብዙውን ይጋርዳሉ።

ከፍታና አድማስ የተያያዙ መሆናቸውን ከሊቃውንቶቻችን አንዱ አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ተጠቅሞበታል። ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፣ ናንዳና በሚባል ስፍራ የአንድን ተራራ ከፍታ ለካ፤ ከአናቱም ላይ ሆኖ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በማዕዘን ለካ፤ ከሁለቱም የመሬትን ስፋት አሰላ።

ሁለተኛው ነገር የብርሃኑ ኃይልና የአየሩ ጥራት ነው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ዓይናችን ላይ የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጉም፣ የበጋ አቧራና ጭስ ከመንገድ ይቀንሱታል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከቦች ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ ይህን በግልጽ ያሳያል። በደንቡ መሠረት ለ1 የባሕር ማይል፣ ማለትም ለ1.85 ኪሎ ሜትር፣ እንዲታይ የሚፈለግ መብራት 0.9 ካንዴላ ይበቃዋል። ለ6 ማይል ግን 94 ካንዴላ ያስፈልጋል። ርቀቱ ስድስት እጥፍ ሲያድግ ብርሃኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ማደግ ነበረበት ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። በቅርብ ያለ ደካማ ፋኖስና በሩቅ ያለ ብርቱ መብራት ለዓይን አንድ ዓይነት ነጥብ ናቸው። በጨለማ ውስጥ ዓይን ብቻውን ርቀትን አይለካም። ለዚህም ነው መርከበኞች የመብራቱን ከፍታ ከሰንጠረዥ የሚያነቡት። ዝቅ ሲሉ መብራቱ ከጠፋ፣ ቀና ሲሉ ደግሞ ከታየ፣ በአድማሱ ጫፍ ላይ መሆኑን ያውቃሉ፤ ርቀቱንም ከላይ ባየነው ሒሳብ ያገኙታል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከክልላችንም ሆነ ከሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ባብ ኤል-መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በማዶው 100 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ያለ ብርቱ መብራት፣ በጠራ ሌሊት፣ ዓይኑ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ላለ ሰው እስከ 42 ኪሎ ሜትር ሊታይ ይችላል። ገና ከመነሻው ዳርቻ ይታያል ማለት ነው! «መብራቱ ታየ፣ ደረስን» የሚለው ቃል ስለዚህ ምንም ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ደላሎች ወደ 120 የሚሆኑ ሶማሌያውያንና ኢትዮጵያውያንን በየመን ሻብዋ ዳርቻ አቅራቢያ ወደ ባሕር አስገድደው ጣሏቸው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንዳስታወቀው እስከ 50 የሚደርሱት ሰጥመዋል፤ የተሳፋሪዎቹም አማካይ ዕድሜ 16 ዓመት ገደማ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ እንዲሠሩት አድርጉ። የጎረቤትን ቤት መብራት፣ የኮረብታውን ማማ፣ በወረታ መንገድ የሚመጣውን መኪና ይገምቱ፤ ከዚያም በካርታ ያመሳክሩ። ግምታቸው ምን ያህል እንደሚስት ራሳቸው ሲያዩት ከብዙ ምክር ይበልጥ ያስተምራቸዋል። በሩቅ የምትታይ ብርሃን ሁሉ የቀረበች አለመሆኗን በቤቱ ያወቀ ልጅ፣ ነገ ደላላ «ያውልህ ማዶው» ሲለው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን።