ልጅነት የኋላ ቀርነት ደረጃ አይደለም

«ልጅ ነው፤ ገና ሰው አልሆነም» እንላለን። ይህ አባባል በሳይንስ ካባ ተጀቡኖ ሲመጣ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ግን አናስተውልም።

ጀርመናዊው ኤርንስት ሄከል በ1866 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ፍጡር በእድገቱ የዘር ሐረጉን ዝግመተ ለውጥ በአጭሩ ይደግማል ሲል ደነገገ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስታንሊ ሆል በ1904 ሐሳቡን ወደ አእምሮ እድገት አሸጋገረው፤ «ያልሠለጠኑ» ያላቸውንም ሕዝቦች ከጎረምሶች ተርታ መደባቸው። የነጩ ልጅ አልፎት የሚሄደው ደረጃ፣ የጥቁሩ አዋቂ የዘላለም መኖሪያ ሆነ። ቅኝ ገዥውም «አሳዳጊ» ለመባል ሰበብ አገኘ።

ሥነ ሕይወት ይህን ድንጋጌ ከጣለው ቆይቷል፤ ፅንስም ሆነ ሕፃን የቅድመ አያቶቹን የጉልምስና መልክ እየደገመ አያድግም። የሚገርመው፣ ስለ ልጅነት አመጣጥ ከሚናገሩት ማስረጃዎች አንዱ ከገዛ አገራችን መገኘቱ ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ2000 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን «ሰላም» ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ የሉሲ ዝርያ ናት። በ2020 የታተመ ጥናት የራስ ቅሏንና ጥርሶቿን መረመረ። ስትሞት ሁለት ዓመት ተኩል አልሞላትም። የአንጎሏ አወቃቀር ከቺምፓንዚ ጋር ቢመሳሰልም እድገቱ ግን አዝጋሚ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ እንደሚያመለክተው፣ አንጎላችን የዛሬውን ያህል ከመግዘፉ እጅግ ቀድሞ ልጅነታችን መርዘም ጀምሯል።

ዝግታው የመጣው ምግብ ለመቆጠብ ብቻ ሊሆን ይችላል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይሁን። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ሰው ቋንቋን፣ ወግንና ሙያን የሚማረው በዚያ በረዘመው ጊዜ ውስጥ ነው።

ታዲያ በስደት ያለን ወላጆች ይህንን ጊዜ ለማሳጠር የምንሽቀዳደመው ለምንድን ነው? ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «የእገሌ ልጅ እኮ ያነባል» እያልን እናስጨንቀዋለን፤ ጨዋታውን እንደ ብክነት፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቁን እንደ መነዝነዝ እንቆጥራለን፤ ከአያቱ ጋር በአማርኛ የሚያወጋበትን ሰዓት ለስክሪን እንሰጣለን። ሄከልን ባናነበውም ሥራውን እየሠራንለት ነው፤ ልጅነትን ቶሎ ሊያልፉት የሚገባ ጉድለት አድርገናልና።

ሰላምን በዚያ ዘመን የተሸከማት፣ የመገባት ነበረ። ያለዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ባልኖረች ነበር። ልጆቻችንም የሚሹት ያንኑ ነው፦ ጊዜና የሚታገሣቸው ሰው።